ጥሬ ጎመንና አንገቱ የተጠመዘዘ ዶሮ

ነይማ እቴ፣ ጠጋ በይ። ይሄን ወሬ ሆዴ ውስጥ ይዤ ማደር አልችልም። አንቺ ደግሞ ጓደኛዬ ነሽ፣ ላንቺ ካልነገርኩ ለግድግዳ ልንገር? ብቻ በአላህ፣ በመሀል አታቋርጪኝ። «ቆይ ቆይ፣ እና ከዛስ?» እያልሽ እንደ ልማድሽ ከዘለልሽብኝ መያዣ መጨበጫው ይጠፋብኛል።

ከሪማን ታውቂያት የለ? ባታውቂያትም ግድ የለም። የደሴ ሆጤ ሰፈር ልጅ ናት፣ ገበያ ላይ ሽንኩርትና ቃሪያ የምትሸጠው የኡሙሰልማ ልጅ። ቀጠን ያለች፣ ቀልጣፋ፣ አፏ የማያርፍ። ጣሊያን ደሴን ከያዘ ወዲህ የከፈተው ትምህርት ቤት ገብታ ቋንቋውን እንደ ውሃ ጠጣችው። ሌሎቹ ልጆች «ቦንጆርኖ» ለማለት ሲያልባቸው እሷ አስተማሪውን በገዛ ቋንቋው ታስቀው ነበር። እናቷ ታዲያ «አንቺ ልጅ፣ ይሄ ምላስሽ አንድ ቀን ይዞሽ ይጠፋል» ትላት ነበር። ይዟት ጠፋ!

እንዴት መሰለሽ፣ ኮምቦልቻ የሚኖር አንድ ካፒቴን አለ። ሚስቱ ሲኞራ ከአገሯ ከመጣች ወዲህ ሠራተኛ አልበረክትላት ብሏል። የምትላቸውን አይሰሙ፣ የሚሏትን አትሰማ። አንድ ቀን በመኪና ደሴ ወጣችና ትምህርት ቤቱ ገብታ «ቋንቋ የምታውቅ፣ እጇ ንጹሕ የሆነች ልጅ ስጡኝ» አለች። እንደ ዕቃ እኮ ነው! አስተማሪው ጣቱን ወደ ከሪማ ቀሰረ። ኡሙሰልማስ ምን ትበል? በዛ ዘመን ጣሊያንን እምቢ ብሎ ቤቱ በሰላም የሚያድር ማን ነው? ሲኞራ ደግሞ ጥርሷን ብልጭ አርጋ «አርብ አርብ ወደ እናቷ ትመጣለች» አለች። ኡሙሰልማ የሻሿን ጫፍ ነከሰች።

መጀመሪያ ሰሞን እውነትም አርብ አርብ ትወጣ ነበር። ከዛ «ዛሬ ካሚዮን የለም» መጣ። ከዛ «ዛሬ እንግዳ አለብን»። ከዛ «መንገዱ ላይ ሽፍታ አለ»። ከዛማ ምክንያት መፈለጉም ቀረ። ግቢው ዙሪያውን በሽቦ የታጠረ ነው። በሩን ጋሽ ሞላልኝ የሚባሉ ሽማግሌ ይጠብቃሉ፣ ደግ ሰው ናቸው፣ ቁልፉ ግን ሲኞራ ወገብ ላይ ነው የሚንጠለጠለው። ሽቦውን ብታልፍስ? ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት ብቻዋን የምትወጣ ልጅ ኬላ ላይ ወታደር ይቀበላታል። ከማድ ቤቱ ጓሮ ስትቆም ዳገቱ ፊት ለፊቷ ነው፣ እጇን ብትዘረጋ የምትነካው ይመስላል። ጭጋግ እላዩ ላይ ሲቀመጥ «ይሄኔ ደሴ በርዷል፣ እማዬ ጋቢዋን ደርባለች» ትላለች። እሷ የኮምቦልቻ ሙቀት ላይ የምድጃው ሙቀት ተጨምሮባት እንደ ሻማ ትቀልጣለች።

የምትበላውም ሌላ ነው። እዛ ቤት ዶሮ በቢላ አይታረድም። የካፒቴኑ ወታደር አንገቱን ይዞ ጠምዘዝ፣ ቀጭ! አለቀ። ቢስሚላህ የለ፣ ደም መፍሰስ የለ። ከሪማ ያን ሥጋ ትቀቅላለች፣ ትጠብሳለች፣ ታቀርባለች፣ ወደ አፏ ግን አታስጠጋም። ዳቦዋንና ሽሮዋን በልታ ታድራለች። ሲኞራ አታውቅም፣ ሠራተኛ ምን እንደሚበላ የሚያይ ማን አለ?

እንዲህ እያለ አንድ ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት ነው፣ ሲኞራ እየተፍለቀለቀች ማድ ቤት ገባች። ነገ አንድ ማጆሬ ምሳ ይመጣል። ትልቅ ሹም ነው፣ በነጋታው ሰኞ ወደ አስመራ ያልፋል። ይሄ ማጆሬ ድሮ ቻይና አገር ነበር አሉ፣ እዛ የጣሊያን ሰፈር አለ፣ እዛ ወታደር ሆኖ ኖሯል። እና እዛ የበላው አንድ ሰላጣ ከአእምሮው አልወጣ ብሏል።

«ጥቅል ጎመን ነው፣ ጥሬውን፣» አለች ሲኞራ። «ዶሮ አለበት። ጥርስ ስር ደግሞ ኮሽ ኮሽ ይላል። ሌላውን ረስቶታል። ሌላውን አንቺ ብልጧ ፈልጊው።»

ከሪማ ቻይና ሲባል አታውቅም፣ በዓረብኛ ስሟ ሲንን ግን ታውቃለች። ቁርኣን ቤት ሼኹ በጣም ሩቅ አገር ለማለት ሲፈልጉ «ሲን ድረስ» ይሉ ነበር። እና በልቧ «ሲን ድረስ ሄዶ ጥሬ ጎመን በልቶ መጣ? ምስኪን!» አለች።

ይሄ እንኳን ምንም አልነበረም። ሲኞራ ሳሎን ገብታ ከባሏ ጋር ስታወራ ነው ጉዱ። ድምጿን ዝቅ አታደርግም እኮ፣ ግድግዳውና ከሪማ ለሷ አንድ ናቸው። ምን አለች መሰለሽ? «ማጆሬው አስመራ ላይ ወጥ ቤት የለውም። ሰላጣውን ከወደደው ልጅቷን እሰጠዋለሁ። ያንተን ሹመት እንዲያስብበት።»

እሰጠዋለሁ! እንደ በቅሎ!

ከሪማ ድስቱን ይዛ እዛው ደርቃ ቀረች። አስመራ። እዛ የሄደ ሲመለስ አይታ አታውቅም። የሚያንገበግበው ደግሞ ካሚዮኑ የሚያልፈው በደሴ ነው። በሆጤ በኩል፣ በገበያው አጠገብ፣ እናቷ ሽንኩርቷን ዘርግታ ከምትቀመጥበት እልፍ ብሎ! ከሪማ ከኋላ ሸራ ለብሳ፣ «እማ!» ብትል ሞተሩ ድምጿን ይውጠዋል።

ሮጣ ወደ ጓሮ ወጣች። ጓሮ ሥርጉት አለች። ሥርጉት ልብስ አጣቢዋ ናት፣ ከደሴ ዙሪያ የመጣች ክርስቲያን፣ ከሪማን በዕድሜ ትንሽ ትበልጣታለች። ከተማ አክስቷ ቤት ነው የምታድረው፣ ጠዋት ገብታ ማታ ትወጣለች። ያ ግቢ ውስጥ ከሪማ ከልቧ የምትስቀው ከሷ ጋር ብቻ ነው።

«ምን ሆነሽ ነው ፊትሽ እንደ አመድ?» አለች ሥርጉት፣ እጇ አረፋ ውስጥ ነው።

ከሪማ ሁሉንም ነገረቻት። ሥርጉት ሸሚዙን ጥላ ወገቧን ያዘች።

«ማርያምን! ለሰው? ጥሬ ጎመን? ፍየል ነው እንዴ የሚመጣው?»

«አንቺ ጎመኑን ተይው! አስመራ ሊወስደኝ ነው እያልኩሽ!»

«እሱንማ ሰማሁ። ታዲያ ምን ታለቅሻለሽ? ሰላጣውን ቢወደው አይደል የሚወስድሽ? እንዳይወደው አርጊያ!» አረፋውን ከእጇ አራገፈች። «እኛ ጋ እኮ ሙሽራ ለአማቷ ዶሮ ሠርታ ካላወቀችበት ‹ወደ እናትሽ› ትባላለች። አክስቴን አረጋሽን ጠይቂያት፣ ጨው ሁለት ጊዜ ጨምራ ነው የተመለሰችው። አሁን ስታስታውሰው ትስቃለች። አንቺም ተመለሺ!»

«ጨው ባበዛ ሆን ብላ ነው ብላ ሲኞራ ቆዳዬን ትገፈዋለች። ደግሞ ሪዝቅ ነው ሥርጉት። እማዬ እህል ያበላሸ እጅ አይባረክም ትላለች። አመድ አልጨምርበት፣ ጨው አልከምርበት!»

«አይ የሼህ ልጅ! አመድ ማን አለሽ? የሚበላ ነገር ብቻ ጨምሪ። የማይገናኘውን ግን አገናኝው። በቃ፣ ጥሩ አርገሽ አበላሺው!»

ጥሩ አርጎ ማበላሸት! ሁለቱም ተያዩና ፍርፍር ብለው ሳቁ። ከሪማ ስትስቅ እንባዋ ገና አልደረቀም ነበር።

እሁድ ጠዋት ወታደሩ ዶሮውን ጠመዘዘ። ከሪማ እንደ ሁሌው ጆሮዋን ደፈነች። ላባውን ነጭታ፣ በእሳት ለብልባ፣ በሎሚና በጨው አሽታ አጠበችው። ይሄንንማ እንዴት ትተወው፣ እጇ ራሱ እምቢ ይላታል። ሥርጉት እሁድ ባትሠራም «የቀረ ልብስ አለ» ብላ ሲኞራን አስከፍታ መጥታለች፤ እንዲህ ያለ ጉድማ አያመልጣትም።

ከሪማ ዶሮውን ቀቀለችው። ቀዩ ሽንኩርት፣ በርበሬው፣ ቅቤው የለም። ውሃው ውስጥ የተወቀጠ ዝንጅብል ብቻ ጣል አረገችበት። «ዝንጅብል ሻይ ውስጥ ነው የሚያምረው፣ ዶሮ ውስጥ ይቀፋል» ብላ ነው። ሲበስል አውጥታ አቀዘቀዘችው።

«ስንት ብልት ታወጪለታለሽ?» አለች ሥርጉት አንገቷን አስግጋ።

«ምንም። እንደ ገመድ እተለትለዋለሁ።»

«ወይኔ! ፈረሰኛው እንኳ አይታወቅ? ተዋርዶ ሞተ ይሄ ዶሮ!»

ከሪማ ሥጋውን በጣቷ እየቦጨቀች ክር ክር አረገችው። ጥቅል ጎመኑን ደግሞ በስለታም ቢላ እንደ ፀጉር አቀጠነችው፣ ካሮትም ጨመረችበት፣ ነጭና ብርቱካን ተደባለቀ። ጨው ነስንሳ ትንሽ አሸት አሸት አረገችው። «እንዲህ ሲሆን ከድርቆሽ በምን ይለያል?» አለች።

«ድርቆሽ እንኳ ይሻላል፣ በሬ ይመሰክርለታል።»

ቀጥሎ ማርና አቼቶ። ማር በሥጋ ላይ! ሥርጉት ዓይኗን ጨፈነች። ከሪማ ማሩን በአቼቶው በጠበጠችው፣ ነጭ ሽንኩርት ደቁሳ ጨመረች፣ ቃሪያ ከትፋ ጨመረች፣ ከዛ ሥርጉት ከዓረቡ ሱቅ ያመጣችላትን የሰሊጥ ዘይት አንጠባጠበችበት። ጣፋጭ፣ ኮምጣጣ፣ የሚያቃጥል፣ ሁሉም ባንድ ሳህን ላይ ተጣልተው ተቀመጡ።

«ኮሽ ኮሹስ?»

«ኮሽ ኮሹን አየሁት» አለች ከሪማ። ያቺን እንደ ክር የቀጠነች ፓስታ ሳትቀቅል ሰባብራ የፈላ ዘይት ውስጥ ጨመረቻት። ፓስታዋ ተንጣጣች፣ ወርቅ መሰለች። ለውዝ ቆልታ ከካች፣ ሰሊጥ ቆላች፣ ሁሉንም ከላይ በተነችው።

«ቆሎ በዶሮ!» ሥርጉት ሆዷን ይዛ መሬት ተቀመጠች። «አንቺ ልጅ፣ ይሄን የበላ ሰው አስመራ ሳይደርስ ይታመማል። በይ ቅመሺው፣ ክፋቱ መድረሱን እንወቅ።»

ከሪማ በልማድ ጣቷን ወደ ሳህኑ ሰደደችና መለሰችው። «አልቀምስም። ተጠምዝዞ የሞተ ነው። አንቺ ቅመሺ።»

«እኔ? አዬ! ስመ ሥላሴ ያልተጠራበትን፣ ደሙ ውስጡ የረጋውን? ይልቅ ቄሳችን ይቅመሱልሽ!»

«እንግዲህ ማን ይቅመስልን?»

ማንም። ማድ ቤቱ ውስጥ ሁለት ሴት ቆመዋል፣ አንዷ እስላም አንዷ ክርስቲያን፣ እና የሠሩት ምግብ ምን ምን እንደሚል አንዳቸውም አያውቁም። «ዓይንሽን እመኚ» አለች ሥርጉት። «እዪው፣ መልኩ ራሱ ያስታውቃል። ከዚህ የከፋ ነገር በሕይወቴ አላየሁም።»

ከሪማ ልቧ ትንሽ ረጋ አለ። ሳህኑን ይዛ ገባች፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ከመጋረጃው ኋላ ቆመች። ሥርጉት በጓሮው መስኮት ስር ልብስ የምታጥብ መስላ ተቀመጠች።

ማጆሬው ወፍራም፣ ራሰ በራ፣ ጢሙ የነጣ ሰው ነው። ሹካውን ሰደደ። ኮሽ። አኘከው። እንደገና፣ ኮሽ ኮሽ፣ ቀጭ። ከሪማ መጋረጃውን ጨብጣ «ትፋው፣ ትፋው፣ ያ ረቢ ይትፋው» ትላለች በሆዷ። ማጆሬው አልተፋም። ሹካውን አስቀመጠ። ፊቱን በመሐረቡ ሸፈነ።

«ታመሙ?» አለች ሲኞራ ደንግጣ።

ማጆሬው መሐረቡን ሲያነሳው ዓይኑ እንባ አቅሯል፣ አፉ ግን ይስቃል! ጠረጴዛውን በጡጫው ደለቀው። «ይሄ ነው! ራሱ ነው! ዝንጅብሉ፣ ማሩ፣ ሰሊጡ! እንዴት ረሳሁት? ወጣት ነበርኩ፣ አንዲት አሮጊት መንገድ ዳር ትሸጥልኝ ነበር!» ብሎ እንደ ራበው ልጅ እላዩ ላይ ተደፋ። ካፒቴኑም ቀመሰና ቅንድቡን አነሳ፣ እሱም ጨመረ። ቤቱ በሙሉ ኮሽ ኮሽ ሆነ።

እቴ፣ ያን ጊዜ ከሪማ መጋረጃውን ለቀቀችው። እሷና ሥርጉት አንድ ነገር አላወቁም እኮ። እኛ የሚቀፈን ሁሉ ለሌላ አገር ሰው ጣዕም መሆኑን። የገዛ ወጥመዷን በገዛ እጇ ቀጭ ቀጭ አርጋ ከተፈች፣ ማር ቀባችው፣ ሰሊጥ ነሰነሰችበት።

ሲኞራ ጠራቻት። ገባች።

«ማን አስተማረሽ?» አለ ማጆሬው።

«ማንም፣ ጌታዬ።»

«ቻይና ነበርሽ?»

«ከሆጤ እዚህ ወርጃለሁ። ሌላ አገር አላውቅም።»

ሳቁባት። «ነገ ጠዋት ከኔ ጋር ሄደሽ አስመራን ታውቂያለሽ» አለ። ሲኞራም እጇን እያጨበጨበች «ስጦታዬ ናት» አለች። ከሪማን ያያት የለም። አንድ ዕቃ ከአንዱ መደርደሪያ ወደ ሌላው ሲዛወር የሚያይ የለም መቼም። መስኮቱ ስር የልብሱ ድምፅ ቆሟል፣ ሥርጉት ትንፋሿን ይዛ ትሰማለች።

ከዛ ማጆሬው በሹካው ዶሮውንም ጎመኑንም ጠቅልሎ አነሳና ወደ ከሪማ አፍ ዘረጋ። «ነይ፣ ጉርሻ ትሉት የለ? ልማዳችሁን አውቃለሁ። ደግሞ የኔም ሕግ ነው። በዚህ አገር ወጥ የሠራልኝ ሰው ፊቴ ሳይቀምስ አልበላም ነበር። ዛሬ ሆዴ አስረሳኝ። አስመራም በየቀኑ፣ መጀመሪያ አንቺ፣ ከዛ እኔ።»

ሹካው አፏ ድረስ መጥቷል። የዝንጅብሉ ሽታ አፍንጫዋ ገብቷል። ጉርሻ መመለስ ነውር ነው፣ የጠላት ጉርሻም ቢሆን እጅ ተዘርግቶ ሲቆይ ያሳፍራል። አንድ ጉርሻ ነው። ብትውጠው ማን ያያታል? ግን «በየቀኑ» ያላት ጆሮዋ ላይ ቀረ። በየቀኑ የተጠመዘዘ፣ በየቀኑ ሐራም፣ ከእናቷ በሩቅ፣ እስክታረጅ። አፏን ገጠመችው።

«ብይ!» አለች ሲኞራ።

«አልበላም።»

የማጆሬው ፊት ቀስ እያለ ጠቆረ። ሹካውን አወረደና የበላውን ግማሽ ሳህን አየው። «ምን ጨመርሽበት?»

ያን ጊዜ ነው ከሪማ ምን ውስጥ እንደገባች የገባት። የሠራችውን የማትበላ ወጥ ቤት! መርዝ ማለት እኮ ነው። ለዚህ ጥርጣሬማ በዛ ዘመን ሰው ይሰቀል ነበር። ካፒቴኑ እጁን ወደ መታጠቂያው ሰደደ። ሲኞራ ነጭ ሆነች፣ ጉሮሮዋን በእጇ ያዘች። ከሪማ ያ ፈጣን ምላሷ አፏ ውስጥ ተጣበቀ፣ ጣሊያንኛው ሁሉ ብን ብሎ ጠፋ። በአማርኛ «ወላሂ! ወላሂ ምንም!» አለች። ከዛ እንደምንም ሰበሰበችውና «አንገቱ ነው» አለች በቋንቋቸው። «የዶሮው አንገት ተጠመዘዘ። ቢላ አልነካውም፣ የአላህ ስም አልተጠራበትም። እኔ እንዲህ ያለ ሥጋ አልበላም። ብሞትም አልበላም።»

«ሰበብ ነው» አለ ካፒቴኑ። «እስላሞች ናቸው እንዲህ የሚሉት። ዘበኛው ክርስቲያን ነው፣ ጥሩት! እሱም አልበላም ካለ መርዝ አለበት ማለት ነው።»

ጋሽ ሞላልኝ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ገቡ። ከበሩ አልፈው ሳሎን ሲገቡ ያ የመጀመሪያቸው ነው። ማጆሬው ያንኑ ሹካ ዘረጋላቸው። እሳቸው ሹካውን አዩ፣ ከሪማን አዩ።

«ምንድነው ልጄ?»

«የተጠመዘዘው ዶሮ ነው ጋሼ። ብሉ ይሉዎታል።»

ቢበሉ የሃይማኖታቸውን ሥርዓት ያፈርሳሉ። ባይበሉ ከሷ ጋር እሳቸውም ይጠረጠራሉ። ከሪማ ይሄን አስባ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች፣ አንድ ቃል አልጨመረችም። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«በያቸው እንግዲህ፣ እንዳልኩት አርገሽ። ይቺ ልጅ እስላም ናት፣ እኔ ክርስቲያን ነኝ። ለበዓል አብረን ብንቀመጥ እንኳ ሁለት በግ ነው የሚታረደው፣ የሷ ለብቻ የኔ ለብቻ፣ አንዳችን የአንዳችንን ሥጋ አንነካም። አንገቱ ተጠምዝዞ የሞተውን ግን እሷም አትበላም፣ እኔም አልበላም። እዚህ ላይ አንድ ነን። በያቸው።»

አለቻቸው። አንድ ቃል ሳትቀንስ።

በዚህ መሀል ሥርጉት መስኮቱ ስር አላስችል አላትና ራሷን ብቅ አርጋ «እኔም አልበላም! ገብርኤልን አልበላም!» ብላ ጮኸች። ማጆሬው ዞሮ አያት። አረፋ የነካው ግንባር፣ የተንጠለጠለ ካልሲ በእጇ። ሦስቱንም ተራ በተራ አያቸው። ከዛ ሆዱን በእጁ ዳበሰ፣ ቆየ፣ አዳመጠው። ምንም የለም። ሆዱ ደህና ነው።

«ባዶ አገር!» አለ። ሳቅ ነው ቁጣ ነው አልታወቀም። «አንድ የሚቀምስልኝ ሰው የሌለበት!»

«በቢላ እናርድላት» አለች ሲኞራ ቶሎ ብላ፣ ስጦታዋ ሊያመልጣት ሲል። «ቀላል ነው፣ በቢላ ከሆነ ትበላለች።»

«ዶሮዬን እንዴት እንደምገድል ገረድ ልታዘኝ?» ማጆሬው ደም ስሩ ተገተረ። «የማትቀምስ ወጥ ቤት አልፈልግም። ለራስሽ አስቀምጫት!»

ይሄን ብሎ፣ ታምኚኛለሽ? ሳህኑን ወደራሱ ሳበና ጨረሰው። ፍርፋሪውን ፓስታ ሳይቀር፣ ኮሽ ኮሽ እያረገ።

ከሪማ እንዴት ማድ ቤት እንደደረሰች አታውቅም። አስመራ ቀረ! ግድግዳውን ተደግፋ «አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ» ስትል ሲኞራ ተከትላት ገባች። አልመታቻትም። ብትመታት ይሻል ነበር። ቁልፎቿን ወገቧ ላይ አስተካክላ፣ ድምጿን ዝቅ አርጋ ነው የተናገረችው።

«አሳፈርሽኝ። ከእንግዲህ አርብ የሚባል ነገር እርሺ፣ እናትሽንም እርሺ። እዚሁ ነሽ። ያንን ሰላጣ ደግሞ ካፒቴኑ ወዶታል፣ በየእሁዱ ትሠሪዋለሽ።»

ዞራ ሄደች። ቁልፉ ቅጭል ቅጭል እያለ ከሷ ጋር ሄደ።

ከሪማ ጓሮ ወጣች። ሐረጎ ላይ ጭጋግ የለም፣ ዳገቱ እስከነመጠማዘዣው ጥርት ብሎ ይታያል፣ አንዲት ካሚዮን እንደ ጉንዳን እየዳኸች ትወጣበታለች። ሥርጉት ትልቁን አንሶላ ከውሃው ውስጥ እየጎተተች ነው።

«አልሄድም» አለች ከሪማ። «አስመራ አልሄድም።» ከዛ ድምጿ ተሰበረ። «ግን ደሴም አልሄድም ሥርጉት። በየእሁዱ ሥሪው አለችኝ። ካልጣፈጠ ትገለኛለች፣ ከጣፈጠ አትለቀኝም። በየት በኩል ልውጣ? ንገሪኝ እስቲ፣ በየት በኩል?»

ሥርጉትም ምን አለቻት መሰለሽ፣ ከራሴ አንድ ቃል ሳልጨምር ልንገርሽ፦

«አስመራ ብትሄጂ ስንት አገር ይለይሽ ነበር፣ ከዚህ ግን ደሴ አንድ ዳገት ናት። በይ አሁን የዚህን አንሶላ ጫፍ ያዥልኝና እንጭመቀው፣ እያለቀስሽም መጭመቅ ትችያለሽ።»